ደላላን ሊያስቀር የመጣ ስልክ

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ የእህቴ ልጅ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በተመረቀ በሦስተኛው ወር፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ዐሥራ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ ቤቴ ድረስ መጣ። በየገጹ ያማረ ሥዕል አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሥዕል የለም። «200,000 ብር» ይላል።

«ጋሼ፣ ሥራ ይፈልጉልኝ ልልዎ አልመጣሁም፤ ሥራ ልፈጥር ነው የመጣሁት» አለኝ።

ሐሳቡ ይህ ነው። አዘና ላይ በቆሎና በርበሬ የሚሸጠውን ሰው አዲስ አበባ እህል በረንዳ ከሚገዛው ሰው ጋር በስልክ መተግበሪያ ማገናኘት። ሻጩ ያለውን እህል ያስገባል፣ ገዢው ዋጋ ይሰጣል፣ ይስማማሉ፣ መኪና ይጫናል። «መሐል ላይ ያለው ደላላ ይቀራል!» ሲል ድምፁን ከፍ ከማድረጉ የተነሳ ጓዳ የነበረችው ባለቤቴ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ደላሎች ጥቂት አይደሉም። «ደላላ ይቀራል» የሚለውን ስታነቡ ምን እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ነገር ግን ቸኩላችሁ አትቆጡ። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሰው የሚንቅ አይደለም። ደግሞም ብቻውን አይደለም። ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት በእኛም አገር ሆነ በጎረቤት የተከፈቱ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች፣ በአሁኑ አጠራር ስታርታፕ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ የተነሱት በዚሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የዚያን ዕለት ገንዘቡን አልሰጠሁትም፤ እምቢም አላልኩትም። የሁለት ሳምንት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለት መቶ ሺህ ብር ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እናቱም በበኩሏ የቀረውን ለመሙላት በሬ ልትሸጥ እንደ ተነሳች የሰማሁት በኋላ ነው። የአንድ ገበሬ ቤት በሬ ሲሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃምና ለአገው ምድር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ያሰብኩትንና የሠራሁትን ሒሳብ ነው እንግዲህ እዚህ የማቀርበው። ምናልባት እናንተም ዘንድ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዞ የመጣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊኖር ይችላል።

እህሉ እንዴት ይሄዳል?

አዘና በአዊ ዞን የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከተማዋን በዐይኑ ያላያት ቢኖር እንኳ የዚያን አካባቢ በቆሎ በእጁ ያልዳሰሰ የእህል ነጋዴ ያለ አይመስለኝም።

ገበሬው በገበያው ቀን ሁለት ሦስት ኩንታሉን በአህያ ወይም በጋሪ ያመጣል። የሚቀበለው ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ሳይሆን የጅምላ ነጋዴው አስቀድሞ በሰጠው ገንዘብ ነው። እህሉ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ አንድ አይሱዙ ሲሞላ ነጋዴው ስልኩን ያነሳና እህል በረንዳ ያለውን ደላላውን ይጠራል። «ስንት ገባ?» ይለዋል። ልብ በሉ! ስልኩ አሁንም በነጋዴው እጅ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ ነገር አድርጎ ያቀረበው ነገር ግማሹ ሞባይል አገሩን ካዳረሰ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው።

መኪናው ሌሊቱን ተጉዞ ይገባል። ደላላው ጆንያውን ወግቶ እፍኝ ያወጣል፤ ያሸታል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። የደረቀው በቆሎ ቀጭ ይላል፤ እርጥቡ ድምፅ የለውም። ነቀዝ የጎበኘውንም ገና እጁ ላይ ሲያርፍ በቅለቱ ያውቀዋል። ከዚያ ለዚያ እህል የሚሆነውን ገዢ ይጠራል፤ ለወፍጮ የሚሆን አለ፣ ለከብት መኖ ካልሆነ ለሌላ የማይሆን አለ። ዋጋ ይቆረጣል። ገዢው ግማሹን አሁን እከፍላለሁ፣ ግማሹን ለሳምንት ይላል።

ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዘና ያለው ነጋዴ ገዢውን በዐይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ደላላውን ነው። ደላላው «ይከፍላል» ካለ እህሉ ይራገፋል፤ «ይህን ሰው ተወው» ካለ መኪናው ቆሞ ያድራል። ገዢው በቀጠሮው ቀን ካልከፈለ ሱቁ በር ላይ ሄዶ የሚቀመጠው፣ ሽማግሌ የሚሰበስበው፣ አንዳንዴም ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው ደላላው ነው። ኮሚሽኑ ሰው በማገናኘቱ የሚከፈለው ይመስላል። እኔ ግን የሚከፈለው ለዚህ ነው እላለሁ።

ሁሉም ደላላ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ከሁለቱም ወገን የሚበላ፣ ለገበሬው አንድ ዋጋ ለነጋዴው ሌላ ዋጋ የሚናገር መኖሩን እኔም እናንተም እናውቃለን። እንዲያውም የእህቴ ልጅ ንዴት የመጣው ከዚያ ነው። አባቱ አንድ ዓመት በርበሬውን ሸጦ በማግስቱ ዋጋው ሌላ ሆኖ የሰማ ሰው ነው።

ደላላው የሚሠራው ሥራ አለው የሚለው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ጥናታቸው የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ሲመረምሩ ያዩት እነዚህኑ ደላሎች ነበር። ጥናታቸው ያመለከተው ደላላው በሩቅ ያሉትን ነጋዴዎች ሲያገናኝ የፍለጋ ወጪያቸውን እንደሚቀንስላቸው ነው። ደላላን በጥሞና ያጠኑት እኚሁ ሰው በኋላ በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የምርት ገበያ አቋቋሙ። የሚቀጥለው ታሪክ ስለዚህ ነው፤ ጀማሪ ኩባንያ ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ ከየትኛውም የካሊፎርኒያ ተረት በፊት ሊያነበው ይገባል ባይ ነኝ።

በቆሎ ሳይመጣ ቡና የመጣበት ገበያ

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ፤ አንዳንዱ ገበሬ የማጨጃውን ዋጋ እንኳ ስለማያወጣለት እህሉን ማሳው ላይ ተወው። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሆነና 14 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። አንድ አገር በአንድ ዓመት እህሉን እየጣለ በሚቀጥለው ዓመት የሚለምንበት ምክንያት ምንድን ነው? ዶክተር እሌኒ የሰጡት መልስ ዝናብ ብቻ አይደለም፣ ገበያው ነው የሚል ነበር። ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ፤ ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብይት ጀመረ።

የመንግሥት ተቋም ስለሆነ ስታርታፕ አይባልም የሚለኝ ይኖራል። በስሙ አይባል። በሥራው ግን ከአንድ ሐሳብ ተነስቶ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር በኮምፒዩተር ሊሠራ የገባ ድርጅት ነው። ለጋሾች ገንዘብ አዋጥተውለታል፤ ቡሬን ጨምሮ በየአውራጃው ከተማ መጋዘን ተከፍቶለታል፤ እህልና ቡና የሚመዝንና ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ነበረው። ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳ በየገበያው ተሰቅሎለታል። ይህ ሁሉ እያለ ግብይት ወለሉ ላይ ዋጋ የሚቆረጠው በጩኸት ነበር፤ ገዢና ሻጭ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይመታታሉ። እንደ ከብት ገበያ! ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው እጆቹ ከተማቱ በኋላ ነበር። ይህን ያደረገ ሰው ነጋዴውን አውቆታል እላለሁ። ወለሉ በኤሌክትሮኒክ ግብይት የተተካው ዓመታት ቆይቶ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያደረጉት ነገር ሌላ ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ሳያስገባ መግዛት አይችልም። ሻጩም እህሉ መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት የመጋዘን ደረሰኝ ሳይያዝለት መሸጥ አይችልም። ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኛል። «ለሳምንት እከፍላለሁ» የሚባል ነገር የለም። ማለትም ምርት ገበያው ደላላውን አላስቀረውም፤ የደላላውን ሥራ፣ ማለትም ጥርስ የሚሰብረውን ፍሬና «ይከፍላል» የሚለውን ቃል፣ በሙሉ ወስዶ ራሱ ተሸከመው። ለዚህም መጋዘን፣ ላቦራቶሪና ከባንኮች ጋር የተሳሰረ የክፍያ ሥርዓት አስፈለገው።

ይህም ሆኖ በቆሎው አልመጣም። መጀመሪያ ለግብይት የቀረቡት በቆሎና ስንዴ ነበሩ፤ ወደ ወለሉ የመጣው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለምን? ነጋዴው ደንበኛ አለው፤ እህሉን ወደ መጋዘን ወስዶ፣ አራግፎ፣ ለናሙና ቆሞ የሚያገኘው ዋጋ ከደንበኛው ከሚያገኘው ብዙ አልበለጠም። ሦስት ኩንታል ያለው ገበሬ ደግሞ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። በገበያው ዘንድ ጮክ ተብሎ የማይነገር ሌላ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል፤ ሁሉ ነገር በተመዘገበበት ቦታ የሚሸጥ ነጋዴ ግብሩም ይመዘገባል።

ምርት ገበያውን ያቆመው በ2001 ዓ.ም. የገባው ቡና ነው። የገባውም ወድዶ አይደለም፤ የቡና ግብይት በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ በሕግ ተደንግጎ ነው። በአንድ ጊዜ ድርጅቱ ደንበኛ በደንበኛ ሆነ። ሆኖም ሕግ ያመጣው ደንበኛ ሕጉ ሲላላ ይሄዳል። የቡናው መነሻ እርሻ በግልጽ እንዲታወቅላቸው የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያጉረመርሙ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አሠራሩ ተለውጦ ላኪው ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት መንገድ ሲከፈት፣ ብዙ ቡና በዚያ መንገድ መሄድ ጀመረ።

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኃላፊነታቸው ወረዱ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2017 በግብርና ሥራ ላይ የሚነሱ ወጣቶችን አሳድጎ የሚያወጣ ብሉሙን የተባለ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ገበያን ከላይ በአዋጅ ያቋቋመ ሰው በኋላ የእህቴን ልጅ የመሳሰሉትን ከታች መያዙን ልብ ብዬዋለሁ። ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

የአንድ መኪና ሒሳብ

እንግዲህ ወደ አዘና እንመለስ። የልጁ ወረቀት ላይ ሒሳብ አለ፤ ግን በመቶኛ የተሠራ ሒሳብ ነው። «ከገበያው አምስት በመቶውን ብንይዝ» ይላል። እኔ በመኪና ሠራሁት። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሯቸው።

አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጫን። ከኩንታል 20 ብር ኮሚሽን ይገኝ። ይህ 1,000 ብር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለሦስት ሰው ደመወዝ፣ ለስልክና ኮምፒዩተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ በወር 60,000 ብር ይውጣ። በዓመት 720,000 ብር ይሆናል። ይህን ለመሸፈን በዓመት 720 መኪና ማገናኘት ያስፈልጋል።

በዓመት ሲባል ግን ዓመት አይደለም። በቆሎ የሚንቀሳቀሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው እንበል፤ አምስት ወር። ክረምት ላይ ገበሬው ገዢ ነው እንጂ ሻጭ አይደለም። ደመወዙ ግን ክረምትም አለ። ስለዚህ በአምስቱ ወር በየወሩ 144 መኪና፣ በየቀኑ ወደ አምስት መኪና ይሆናል። አንድ ሰው ከአዘና ተነስቶ፣ ገና ስሙ ሳይታወቅ፣ በቀን አምስት መኪና! አይቻልም አልልም። ከባድ ነው።

አሁን ደግሞ አንዱ ገዢ አልከፈለም እንበል። ኩንታሉን በ4,000 ብር ብንይዘው የአንድ መኪና እህል 200,000 ብር ነው። ድርጅቱ «እኔ አገናኘሁ እንጂ ዋስ አልሆንኩም» ካለ የአዘናው ነጋዴ በማግስቱ ወደ ደላላው ይመለሳል፤ ወሬውም ከመኪናው ቀድሞ አዘና ይገባል። «እኔ እከፍላለሁ» ካለ ደግሞ የ200 መኪና ኮሚሽን በአንድ ቀን ሄደ። ልጁ ከእኔ የጠየቀው ገንዘብ ልክ የአንድ ያልተከፈለ መኪና ዋጋ መሆኑን ሒሳቡን ስጨርስ ነው ያየሁት።

በስልክ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ገዢው አስቀድሞ ገንዘቡን እኛ ዘንድ ያስቀምጣል» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ምርት ገበያውም ያደረገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የሰው ገንዘብ ይዞ ማስተላለፍ በአገራችን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪ ሆነው እንዲገቡ ሲፈቅድ የጠየቀው የተከፈለ ካፒታል 50 ሚሊዮን ብር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ለሌሎች ዝግ ነበር። በሞባይል ገንዘብ ቀደም ብሎ የገባው ኤም ብር ሥራውን የጀመረው በራሱ ስም ሳይሆን እንደ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የአሁኑ ጸደይ ባንክ፣ ላሉ ተቋማት ቴክኖሎጂ አቅራቢ ሆኖ ነው። ደንበኛውም ፈቃዱም የተቋማቱ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእኔ ግልጽ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ካለው ጋር ይሠራል፣ ወይም ገንዘቡን አይነካም። ልጁ ባንክ ሄዶ ገዢና ሻጭ የሚስማሙበት የታገደ ሒሳብ መክፈት እንደሚቻል ይጠይቅ ብዬ መከርኩት።

ከመተግበሪያ በፊት ጥሪ

ስለ ስልኩም አንድ ነገር። ልጁ የሚሠራው መተግበሪያ ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ይፈልጋል። የአዘና ሰብሳቢ የያዘው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሳምንት የሚቆይ ትንሹ ስልክ ነው። ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ሰው ምርጫ ነው።

በዚህ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወሰድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለ ኩባንያ አቋቁማ የጀመረችው የራይድ ታክሲ አገልግሎት መነሻው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። መተግበሪያው ከመጣም በኋላ በ8294 ሰው የሚያነሳበት የጥሪ ማዕከል ቀረ እንጂ አልተዘጋም። ሽማግሌ እናት ደውለው «ከፒያሳ ውሰዱኝ» ማለት ይችላሉ። ግብርና ላይም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው 8028 ለማንኛውም ስልክ የሚሠራ፣ በድምፅ የሚናገር፣ ገበሬው ምንም የማይከፍልበት መስመር ነው። ሕዝቡ በብዛት ደወለለት። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢንተርኔት ለሌለው *127# አብሮት ነበር።

8028ን ያነሳሁት ግን ለሌላም ነገር ነው። ገበሬው አይከፍልም ብያለሁ። መረጃ ለመሸጥ የሚያስቸግር ዕቃ ነው። የዛሬውን የበቆሎ ዋጋ ለአንድ ሰው በሁለት ብር ብትሸጡለት እስከ ቀትር ድረስ ገበያው ሁሉ በነፃ ያውቀዋል። ጫኝና አውራጁ ሳይቀር። «ዋጋ እንነግራለን» ብለው የተነሱ ብዙ የመልእክት አገልግሎቶች የቆሙት የመንግሥት ወይም የለጋሽ እጅ እስካለባቸው ድረስ ነው።

የኔትወርኩ ነገር ደግሞ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ ሥራውን ሙሉ በሙሉ በመተግበሪያ ላይ ያቆመ ድርጅት አዘናም ሆነ እንጅባራ ቢኖር ኖሮ ደመወዝ እየከፈለ መቀመጥ ዕጣው ነበር። ደላላው ግን ድምፅ ጥሪ ባገኘ ቀን ደውሎ፣ ባላገኘ ቀን ደግሞ በሾፌር መልእክት ልኮ ሠርቷል። ይህን ለልጁ ስነግረው ተናደደ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከታሰበ ምንም ነገር አይጀመርም!» አለኝ። ትክክል ነው። እኔም አትጀምር ማለቴ አይደለም፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ሥራው በምን እንደሚሄድ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀቱ ላይ ጨምር ነው ያልኩት። ከሥዕሎቹ አንዱን ቢያወጣ ቦታ ይገኛል።

ገንዘብ ቢኖር ይህ ሁሉ ይፈታል የሚል አለ። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው ትዊጋ ፉድስ ከሙዝ ጀምሮ ከገበሬ ገዝቶ ለናይሮቢ ጉልት ነጋዴዎች የሚያደርስ ኩባንያ ነው። በብዙ አሥር ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውጭ ገንዘብ አገኘ፤ መጋዘን፣ መኪና፣ እርሻ ሳይቀር ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሠራተኛ ቀነሰ፣ አሠራሩን እንደገና ለወጠ። ሐሳቡ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። መሐል ያለውን ሰው ያስቀረ ሁሉ የዚያን ሰው መኪና፣ የዚያን ሰው ብልሽት፣ የዚያን ሰው ዱቤ ይወርሳል፤ የእህልና የአትክልት ትርፍ ደግሞ ቀጭን ነው።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ልጁን ጠርቼ ሁለት መቶ ሺህ ብሩን እንደማልሰጠው ነገርኩት። ለእናቱም ደውዬ በሬዎቹ ባሉበት ይቆዩ አልኳት። በምትኩ እህል በረንዳ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ደላላ ዘንድ ወስጄ አስቀመጥኩት፤ ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ፣ ያለ ደመወዝ፣ ምሳው በእኔ። እንዲጽፍ እንጂ እንዲናገር አልፈቀድኩለትም። አዛውንቱም «ሊያስቀረኝ የመጣው ልጅ ይኸ ነው?» ብለው ሣቁና በርጩማ ሰጡት።

ጥር ላይ ወደ አገሩ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ከመሄዱ በፊት ደብተሩን ይዞ መጣ። እንደ ወረቀቱ ያማረ አይደለም፤ ሻይ ፈስሶበታል። በየቀኑ የገባው መኪና፣ ከየት እንደመጣ፣ እርጥበቱ፣ ማን እንደገዛው፣ መቼ እከፍላለሁ እንዳለና መቼ እንደከፈለ ተጽፏል። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ባዶ የሆኑ ቦታዎች አሉ። ያልተከፈሉት ናቸው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ጋሽ ሽማግሌው ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ማን ስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ የማን ወንድም ለማን ዋስ እንደሆነ። ባለፈው ሳምንት ታመው አልመጡም፤ ሦስት መኪና ቆሞ ዋለ። ማንም ደፍሮ አላራገፈም።»

አዲሱ ሐሳቡ ደላላውን የሚያስቀር አይደለም። ለደላላው የሚሸጥ ነው። የመኪናውን፣ የገዢውንና የቀጠሮውን መዝገብ የሚይዝ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ለገዢውም ለአዘናው ነጋዴም በትንሹ ስልክ አጭር መልእክት የሚልክ ነገር ነው። ደላላው በወር ይከፍላል። ነጋዴው የማንን ቃል እንዳመነ በጽሑፍ ያያል። ገንዘቡን ማንም አይነካም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደብተሩ አለ።

ይሠራ አይሠራ አላውቅም። ደላሎቹ መዝገባቸውን ለሌላ ሰው ያሳያሉ ወይ? ይህ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ይህን ገጽ የምታነቡ ደላሎች ከእኔ ይልቅ መልሱን ታውቁታላችሁ። አዛውንቱን ጠይቄያቸው «ለልጁ አሳያለሁ፣ ለስልኩ ግን አስብበታለሁ» ብለውኛል።

ያመጣው ወረቀት በዚህ ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አሁንም ሥዕል የለም፤ «40,000 ብር» ይላል። ግማሹን ሰጠሁት። የቀረውን አዛውንቱ ሊሰጡት ነው።